ያላለቀ ሐሳብ የሚያድርበት ደብተር

እ.ኤ.አ. 1837 ነው። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ዓለምን ዞሮ ከተመለሰ ገና ዓመት አልሞላውም። እጁ ላይ ለኪስ የምትመች፣ የቆዳ ሽፋን ያላት ደብተር አለች። ስሟ «ቢ» ነው። 36ኛው ገጽ ላይ «ይመስለኛል» ብሎ ጻፈ። ምን እንደመሰለው ግን በቃላት አልቀጠለም፤ ከሥሩ ዛፍ የምትመስል ንድፍ ጫር ጫር አደረገ። ሕያዋን ከአንድ ግንድ እየተከፋፈሉ እንደመጡ የምታሳይ ዛፍ ናት። ሐሳቡ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1859 ነው፤ ከ22 ዓመት በኋላ።

የሐሳብ ደብተር የምለው እንዲህ ያለውን ነው። የቀን ውሎ አይመዘገብበትም፣ የአስተማሪ ቃልም አይገለበጥበትም። ያነበብነው፣ ያየነው፣ የሰማነው፣ ድንገት ብልጭ ያለልን ነገር ሁሉ ሳይጸዳና ሳይስተካከል የሚገባበት ነው። «ደብተር» የሚለው ቃል ራሱ ሥሩ ቆዳ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው።

በህዳሴው ዘመን የጣሊያን ነጋዴዎች «ዚባልዶኔ» የሚሉት ደብተር ነበራቸው። ድብልቅልቅ ያለ ነገር ማለት ነው። የዕቃ ዋጋ፣ ጸሎት፣ የመድኃኒት አሠራር፣ ግጥም፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሰፍርበታል። ድብልቅልቁ ድክመት ይመስላል። እኔ ግን ጉልበቱ እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን እንይ። ከጻፈው ውስጥ ዛሬም ከ7,000 በላይ ገጾች አሉ። ግራኝ ስለነበር አብዛኛውን የጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ በመስታወት ካልሆነ ለማንበብ ያስቸግራል። በእንግሊዝ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ባለ አንድ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ የሚያስብ ሽማግሌ ሥሏል። እዚያው ጎን ደግሞ እንቅፋት የገጠመው ውኃ እየተጠማዘዘ ሲፈስ ይታያል። ከዚያ በጽሑፍ ውኃውን ከጸጉር ጋር ያነጻጽራል። ጸጉር በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ በዚያው ላይ ደግሞ ይጠቀለላል። ውኃም አንደኛው እንቅስቃሴው ወደፊት፣ ሌላኛው እየተሽከረከረ ነው። ለጸጉር አንድ ደብተር፣ ለውኃ ሌላ ደብተር ቢኖረው ሁለቱ ነገሮች እንዲህ ጎን ለጎን የሚያድሩ አይመስለኝም።

ግን ዋጋም ያስከፍላል። በ1508 በጀመረው ሌላ ደብተር መግቢያ ላይ፣ ይህ ሥርዓት የሌለው ስብስብ ነው፣ በኋላ ሁሉን በየቦታው አደራጀዋለሁ ብሎ ጽፏል። ሳያደራጀው ሞተ።

ጽፎ ማስቀመጡ ሳይሆን ፈልጎ ማግኘቱ ነው የሚከብደው። ለዚህ መላ ካበጁት አንዱ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ነው። በ1686 ያሳተመው ዘዴ ቀላል ነው። የርዕሱን ቃል የመጀመሪያ ፊደልና ከእሱ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ አናባቢ ይወስዳል፤ ደብተሩ መግቢያ ላይ ባለው ማውጫ በዚያ ሥር የገጹን ቁጥር ይጽፋል። ለላቲን ፊደል ይህ ትንሽ ድካም አለው። የእኛ ፊደል ግን ሥራውን ጨርሶ ነው የሚጠብቀን። «ቡ» አንዷ ፊደል ብቻዋን ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዛለች። እኔ ከደብተሬ መጨረሻ ጥቂት ገጽ ትቼ ፊደል ገበታውን እደረድራለሁ። ቡናን የሚመለከት ነገር ገጽ 14 ላይ ከጻፍኩ «ቡ» ሥር 14 እላለሁ። ያው ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ ደግሞ በደብተር እንጀራውን ያገኘ ሰው ነው። የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ሳለ፣ በ1812 የኬሚስቱን የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርቶች ተከታተለ። ማስታወሻውን በደንብ ገልብጦ፣ በሥዕል አስደግፎ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለራሱ ለዴቪ ላከለት። ዴቪም በ1813 ረዳቱ አድርጎ ቀጠረው። በኋላም ፋራዴይ የቤተ ሙከራ ማስታወሻውን አንቀጽ በአንቀጽ ቁጥር እየሰጠ ቀጠለ። የመጨረሻው ቁጥር 16,041 ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ግን ዳርዊን ስለራሱ ሕይወት በጻፈው ውስጥ የነገረን ልማዱ ነው። ከድምዳሜው ጋር የሚጋጭ መረጃ ወይም ሐሳብ ሲያጋጥመው ወዲያው፣ ሳይውል ሳያድር ይጽፈው ነበር። የሚስማማን ነገር አይረሳም፤ የሚቃወመን ግን ቶሎ ከአእምሮ እንደሚጠፋ በተሞክሮ ስላወቀ ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እኔም የማልስማማበትን ነገር በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ እጄ እንቢ ይል ነበር። አሁን ደብተሬን ስገልጥ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ቀዩ ላይ ነው።

ያለ ደብተር መፍጠር አይቻልም ማለቴ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከሰው ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ቅኔ ሲቆጥር በልቡ ነው የሚይዘው። ያ ግን የዓመታት ሥልጠና ነው። እኔን የመሰለ ሰው ታክሲ ውስጥ የመጣለትን ሐሳብ «ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ» ካለ አለቀለት፤ ሂሳብ ከፍሎ ሳይወርድ ይጠፋዋል።

ውድ ደብተር አያስፈልግም። ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ከበቂ በላይ ነው። የሚያምር ደብተር እንዲያውም እጅ ያስራል፤ እንዳናበላሸው ስንሳሳ ባዶውን ይቀራል። ቀንና ሐሳቡ የተገኘበትን ቦታ መጻፍ ግን አይዘለል። አልፎ አልፎ ወደ ኋላ ገልጦ ማንበብም እንዲሁ፤ ብዙዎቻችን የምንሰንፈው እዚህ ጋ ነው። ዳርዊን የድሮ ደብተሮቹን ከማንበብ አልፎ ገጾቹን እየቆረጠ በየርዕሱ ያደርጋቸው ነበር።

«ቢ» ደብተሩ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ሌላ ደብተሩ ጋር ጠፍታ 20 ዓመት ያህል ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 አንድ ያልታወቀ ሰው ሮዝ የስጦታ ቦርሳ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ካሜራ በሌለበት ቦታ ትቶ ሄደ። ፖስታው ላይ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የመልካም ፋሲካ ምኞት ተጽፏል። ውስጡ ሁለቱ ደብተሮች በስስ ላስቲክ ተጠቅልለው ነበር። ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላገኛቸውም። ዛፏም 36ኛው ገጽ ላይ እንዳለች ናት።