የሒሳብ ትምህርትና ቴክኖሎጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ቴክኖሎጂን በፕላዝማ ሞክረነዋል፤ አልሠራም።»

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነባር የሒሳብ መምህራን ይህን ሲሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. «ፕላዝማ» የተባለው፣ በሳተላይት የሚሠራጨው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር፣ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ የሚቀርበው ትምህርት የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ይወስድ ስለነበር ለመምህሩ የሚተርፈው ለመግቢያና ለማጠቃለያ የሚሆን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ሥርጭቱ ለሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ አንድ ተማሪ «ሁለተኛው መሥመር ከየት መጣ?» ብሎ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው ቆሞ አይጠብቀውም ነበር። በእኔ እምነት ለችግሩ መነሻ የሆነው መምህሩ ትምህርቱን የማቆም፣ ወደ ኋላ የመመለስና የመጠየቅ ሥልጣኑን ማጣቱ ነው። ዛሬ በመምህሩ እጅ ያሉት መሣሪያዎች ይህን ሥልጣን አይነጥቁትም፤ ስለዚህ የፕላዝማው ልምድ በእነርሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

«ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር፣ ለትምህርት ቤቱም ፈጣን ኢንተርኔት ካልተሟላ አይሞከርም።»

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ብዙ ገንዘብ ያወጡ አገሮች በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ውጤታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል መሻሻል እንዳልታየ ገልጿል። የመሣሪያ ብዛት ብቻውን ሒሳብ አያስተምርም። በሌላ በኩል፣ ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንቫርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ መሥራት የጀመረው ጂኦጀብራ የተባለ ግራፍና ጂኦሜትሪ የሚሠራ የሒሳብ ሶፍትዌር ለመምህራንና ለተማሪዎች በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ አንዴ ስልክ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር፣ መብራት በጠፋ ቀንም አራት አምስት ተማሪዎች የሚጋሩት አንድ ስልክ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ላቅርብ። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ዋይ = ኤክስ² + ቢ·ኤክስ + 1 ብላ ትጽፍና፣ ማንም ስክሪን ሳይነካ፣ ቢ ሲለዋወጥ ፓራቦላው ወዴት እንደሚሄድ ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ እንዲሥሉ ታዝዛለች። ብዙዎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚንሸራተት ግራፍ ይሥላሉ። ከዚያ በጂኦጀብራ የቢን ዋጋ የሚለውጠውን ተንሸራታች ቁልፍ (ስላይደሩን) ስታንቀሳቅሰው ግራፉ ወደ ጎን መሄድ ብቻ ሳይሆን፣ ቢ ከዜሮ በራቀ ቁጥር ወደ ታችም ይወርዳል፤ የቨርቴክሱ (ፓራቦላው የሚታጠፍበት ነጥብ) ዱካ እንዲቀር ሲደረግ ደግሞ ወደ ታች የተደፋ ሌላ ፓራቦላ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ አሁን የተማሪዎቹ የራሳቸው ይሆናል። ጠመኔ የሚነሣውም በዚህን ጊዜ ነው፦ የቨርቴክሱ ኤክስ −ቢ/2 ነው፤ ይህን ብንተካ ዋይ 1 − ቢ²/4 ይሆናል፤ ስለዚህ ቨርቴክሱ ምን ጊዜም ዋይ = 1 − ኤክስ² ላይ ይገኛል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ስላይደሩ አስቀድሞ ቢታይ ኖሮ ተማሪው የሚያየው የሚንቀሳቀስ ሥዕል ብቻ ነበር፤ ግምቱን አስቀድሞ በእጁ ስለሣለ ግን ስክሪኑ የሚያሳየው ነገር ከራሱ ሐሳብ ጋር ያጋጨዋል።

«ስክሪኑ ካሳየው ተረጋግጧል ማለት ነው።»

ይህ አመለካከት ቴክኖሎጂን በሚወዱ መምህራን ዘንድ የሚታይ በመሆኑ ይበልጥ ያሳስበኛል። (ኤክስ² − 1)/(ኤክስ − 1) የሚለውን ፈንክሽን ግራፍ ብናሠራ የሚወጣው ያልተቋረጠ ቀጥታ መሥመር ይመስላል። ፈንክሽኑ ግን ኤክስ 1 ሲሆን ዋጋ የለውም፤ አንዲት ነጥብ ብቻ የጎደለችበት ክፍተት ስክሪን ላይ አትታይም። ሊሚት የሚያስተምር መምህር ይህን የስክሪን ጉድለት ደብቆ ከማለፍ ይልቅ የትምህርቱ መነሻ ቢያደርገው ይጠቅመዋል።

«ካልኩሌተር አእምሮን ያሰንፋል፤ ብሔራዊ ፈተናውም አይፈቅደውም።»

የወላጆች ሥጋት ይገባኛል። ሆኖም ተመራማሪዋ ኤሚ ኤሊንግተን 54 ጥናቶችን አሰባስባ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ትንተና፣ ካልኩሌተር በትምህርቱም በፈተናውም ሲፈቀድ የተማሪዎች የስሌትና የችግር አፈታት ክህሎት እንደተሻሻለ፣ ፈተናው ላይ ሲከለከልም ክህሎታቸው እንዳልተጎዳ አሳይታለች። ጉዳት የሚመጣው ግምት ሳይቀድም ቁልፍ ሲጫን ነው። ከዲግሪ ይልቅ ራዲያን በሚባለው የአንግል መለኪያ ላይ በተተወ ካልኩሌተር የ30 ዲግሪን ሳይን የፈለገ ተማሪ −0.988 ያገኛል፤ የሹል አንግል ሳይን ፖዘቲቭ መሆኑን አስቀድሞ ያላሰበ ተማሪ ይህንኑ ቁጥር ይገለብጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለ ካልኩሌተር መሰጠቱ በክፍል ውስጥ መሣሪያውን ለፅንሰ ሐሳብ እንጂ ለስሌት እንዳናውለው ይመክረናል፤ ከዚህ ያለፈ ክልከላ ግን አይሆንም።

«ስልኩ ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ ከፈታ የቤት ሥራ ዋጋ አጣ።»

ዋጋ ያጣው «ፍቱ» ብቻ የሚለው የቤት ሥራ ነው። እንደ ፎቶማዝ ያሉ መተግበሪያዎች አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በሚያጠና ተማሪ ስልክ ላይም አሉ፤ መከልከሉም ከክፍል በር አያልፍም። √(ኤክስ + 6) = ኤክስ የሚለውን እኩልታ ስንሰጥ መልሱ 3 መሆኑን አብረን ልንሰጣቸው እንችላለን። ሁለቱን ወገን ስኩዌር ስናደርግ 3 እና −2 ይወጣሉ፤ ታዲያ −2 ከየት መጣ፣ ለምንስ ተጣለ፣ የትኛው እርምጃ ነው ያስገባው? ተማሪው ይህን በራሱ አማርኛ በሦስት መሥመር ጽፎ ይምጣ፤ በማግሥቱም ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለጓደኞቹ ያስረዳ።