በመኪና በር ውስጥ የሚፈጠረው የድምፅ መጠፋፋት ምንድን ነው?

የድምፅ መጠፋፋት ማለት ሁለት የድምፅ ሞገዶች በአንድ ቦታ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ግፊት በመቀነሱ ወይም ጨርሶ በመሻሩ ለጆሮ የሚደርሰው ድምፅ የሚያንስበት ክስተት ነው። ድምፅ የሚጓዘው አየሩን በየተራ እየጨመቀና እያላላ ስለሆነ፣ አንዱ ሞገድ በሚጨምቅበት ቅጽበት ሌላው የሚያላላ ከሆነ ድምራቸው ወደ ባዶ ይጠጋል፤ ሁለቱም እኩል የሚጨምቁና እኩል የሚያላሉ ከሆነ ግን ይደጋገፋሉ። ሞተር ጀልባ ካለፈ በኋላ ወደ ጣና ዳርቻ የሚመጣው ሞገድ ከድንጋዩ ግንብ ተመልሶ ከሚሄደው ጋር ሲገናኝ፣ ውኃው በአንዳንድ ቦታ ከፍ ሲል በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ረጋ ሲል ይታያል። በመኪና በር ውስጥ የሚሆነውም በመሠረቱ ይኸው ነው።

ጉዳዩን ማወቅ የሚጠቅመው፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ጢስ ዓባይ መንገደኛና ጎብኚ የሚያመላልስ የሚኒባስ ባለቤት የመኪናውን ድምፅ ለማሻሻል ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ገንዘብ የሚያወጣው በስፒከሩ ላይ ስለሆነ ነው። የፋብሪካውን ስፒከር አስወጥቶ ዋጋው ከፍ ያለ ያስገጥማል፤ የዘፋኙ ድምፅ ይጠራል፣ ቤዙ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ግን እንደ ቀድሞው ይሆናል፤ አንዳንዴም ከቀድሞው ያንሳል። በእኔ እምነት ለዚህ በአብዛኛው ተጠያቂው የተገዛው ዕቃ ሳይሆን ዕቃው የተገጠመበት በር ነው።

ዛሬ በየመኪናው በር የምናገኘው የስፒከር ዓይነት መሠረቱ የተጣለው የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1925 ባቀረቡት ሥራ ነው። በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራውን ሾጣጣ ገጽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል። ገጹ ወደ ፊት ሲገፋ በፊቱ ያለው አየር ይጨመቃል፤ በዚያው ቅጽበት በጀርባው ያለው አየር ይላላል። ስለዚህ ስፒከር ምንጊዜም ሁለት ድምፅ ያወጣል፤ ሁለቱ በብርታት ተቀራራቢ፣ በአቅጣጫ ግን ተቃራኒ ናቸው። በመካከላቸው ግድግዳ ከሌለ የጀርባው ድምፅ ዞሮ ይመጣና የፊቱን ይሽረዋል። የቤት ስፒከር በሳጥን የሚታሸግበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው፤ በመኪና ውስጥ ደግሞ ሳጥኑ በሩ ራሱ ነው። የበሩን የውስጥ ልባስ አውልቆ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ግን፣ የውስጠኛው ላሜራ ለመስኮቱ ማንሻና ለቁልፉ ሲባል ትላልቅ ቀዳዳዎች አሉት። በብዙ መኪናዎች ቀዳዳዎቹን የሚሸፍናቸው ውኃ ለመከላከል የተለጠፈ ስስ ላስቲክ ብቻ ነው፤ እርሱም መስኮት በተጠገነ ቁጥር እየተቀደደ ያልቃል።

መጠፋፋቱ ቤዙን ብቻ ለይቶ የሚመታበት ምክንያት በሞገዱ ርዝመት ይገለጻል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ የቦታው ከፍታ ስላልሆነ፣ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ባሕር ዳርም ስሌቱ አይለወጥም። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 7 ሜትር ገደማ ነው፤ 100 ጊዜ የሚርገበገበው 3.4 ሜትር፣ 3,000 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የጀርባው ድምፅ በበሩ ቀዳዳ ዞሮ ወደ ፊት ለመድረስ ግማሽ ሜትር እንኳ ላይጓዝ ይችላል። ግማሽ ሜትር ለ7 ሜትር ሞገድ ኢምንት ስለሆነ ሁለቱ ድምፆች ተቃራኒነታቸውን እንደ ያዙ ይገናኛሉ። ቀጭኑ ድምፅ ግን በዚያች ርቀት ብዙ ጊዜ ይገለባበጣል፤ በዚያ ላይ ወደ ፊት አቅንቶ ስለሚሄድ፣ ከኋላ የሚወጣውንም ልባሱ ስለሚያግደው መጠፋፋቱ እምብዛም አይታወቅም። ማሲንቆውና ዘፋኙ ጥርት ብለው እየተሰሙ የከበሮው ምት ባዶ የሚሆነው፣ ዝቅተኛው ክሩ በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገበው ቤዝ ጊታር ከነጭራሹ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። በዐቢይ ጾም በየመኪናው የሚከፈተው በገናም እንዲሁ ነው፤ የክሩ ንዝረት ይሰማል፣ ከሥሩ ያለው ጥልቅ ድምፅ ግን ይቀራል።

ይህን ጉድለት በኃይል ማሸነፍ አይቻልም። አምፕሊፋየር ሲጨመር የፊቱም የጀርባውም ድምፅ በእኩል መጠን ስለሚያድግ የሚጠፋው ድርሻ አይለወጥም። በቴፑ ላይ ቤዙን እስከ መጨረሻው ማዞር ደግሞ ስፒከሩን ከአቅሙ በላይ ከማንቀሳቀስና ልባሱን ከማንቀጥቀጥ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

መፍትሔው ፊቱን ከጀርባው መለየት ነው። ትላልቆቹ ቀዳዳዎች በስስ አሉሚኒየም ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ተሸፍነው በብሎን ይታሰራሉ፤ ነገ ማንሻው ሲበላሽ መፈታት ስላለባቸው በማይላቀቅ ማጣበቂያ መዝጋት አይገባም። ትናንሾቹን አሉሚኒየም የለበሰ የቡቲል ጎማ ንጣፍ ብቻውን ይዘጋቸዋል፤ ከመለጠፉ በፊት ግን ላሜራው ከቅባትና ከአቧራ በአልኮል መጽዳት አለበት። ከስፒከሩ በስተጀርባ ያለው የውጭው ላሜራም ይህንኑ ንጣፍ ይፈልጋል፤ ያልተለበሰ ላሜራ ከቤዙ ጋር አብሮ እየተርገበገበ የራሱን ድምፅ ይጨምራልና። በጣት ሲያንኳኩት የሚጮኸው ላሜራ ደፈን ያለ ድምፅ መስጠት ሲጀምር በቂ ነው፤ ለዚህም ሙሉውን ገጽ መሸፈን አያስፈልግም። በርካሽነቱ ተመርጦ የጣሪያ ሬንጅ የሚለጠፍበት ጊዜ አለ፤ በፀሐይ ስለሚለሰልስ፣ ስለሚወርድና ስለሚሸት አልመክረውም። ስፒከሩን የሚሸከመው ቀለበት በላሜራው ላይ ክፍተት ሳይተው መቀመጥ ይኖርበታል። ቀለበቱ ከፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል፤ ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራው ውኃ ሲነካው ያብጣል። በስፒከሩ ፊትና በልባሱ መካከልም ድምፁ ከልባሱ ጀርባ እንዳይበተን የስፖንጅ ቀለበት ይደረጋል። ይህ ሁሉ ከመታሰሩ በፊት መስታወቱ እስከ ታች ወርዶ ማግኔቱን እንደማይነካ መታየት አለበት።

በጣና ዙሪያ በክረምት ሚኒባስ የሚያሽከረክር ሰው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል ወደ በሩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ውኃው የሚወጣው ከበሩ ሥር ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው። እነዚህ ፈጽሞ መዘጋት የለባቸውም። ከተዘጉ ውኃው በበሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ላሜራውን ያዝጋል፤ እነርሱ ክፍት በመሆናቸው ግን ቤዙ የሚጎዳው እጅግ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የመጠፋፋት መንገድ በበሮቹ መካከል የሚሆነው ነው። የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ገመድ ከተቀያየረ፣ የግራው ሲገፋ የቀኙ ይስባል፤ ሁለቱም በሮች በሚገባ ታሽገው እንኳ ቤዙ በመኪናው መሐል ይጠፋል። ለማረጋገጥ ድምፁን በቴፑ ወደ አንድ ወገን ብቻ ማድረግ፣ ከዚያም ወደ መካከል መመለስ ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ቤዙ ከቀነሰ አንዱ ተገልብጧል። ከገበያ በሚገዙ ቴፖች በተለመደው አሠራር ነጭ ገመድ ለፊት ግራ፣ ግራጫ ለፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ ለኋላ ግራ፣ ሐምራዊ ለኋላ ቀኝ ሲሆን፣ ያንኑ ቀለም ከጥቁር መስመር ጋር የያዘው ነጌቲቭ ነው። የመኪናው የፋብሪካ ገመድ ግን የራሱ ቀለም ስላለው፣ ገመዱን ከስፒከሩ ነቅሎ አንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት በስፒከሩ ላይ መንካት የተሻለ ነው፤ የባትሪው ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ገጹ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ሦስተኛው ከርቀት የሚመጣ ነው። ሾፌሩ ለግራው በር ስለሚቀርብ የቀኙ ድምፅ ዘግይቶ ይደርሰዋል። የርቀቱ ልዩነት 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መዘግየቱ 2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ በሰከንድ 245 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበው ድምፅም በሾፌሩ ወንበር ላይ ይሳሳል። የቅርቡን ስፒከር በዚያው መጠን የሚያዘገይ ቅንብር ያላቸው ቴፖች ይህን ያስተካክሉታል፤ ማስተካከያው ግን ለአንድ ወንበር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ መንገደኛ በሚጭን ሚኒባስ ላይ ቅንብሩን ሳይነኩ መተው ይሻላል።