ማስ ኢፌክት 2፦ «ሁሉም ታማኝ ከሆኑ ማንም አይሞትም» እና ሌሎች የጌም ቤት ወሬዎች

ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባሉት ጌም ቤቶች የማስ ኢፌክት 2 ወሬ ከተነሳ አንድ ምክር ሳይሰጥ አይታለፍም፦ «የሁሉንም ሎያሊቲ ሚሽን ጨርስ፣ ማንም አይሞትብህም።» ሎያሊቲ ሚሽን ማለት አንድ ጓድ ታማኝ እንዲሆን የሚሠራለት የግል ተልዕኮ ነው። ምክሩን የሚሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጌሙን አንዴ ጨርሶ ዕድል የቀናው ነው። ምክሩን ሰምቶ 30 ሰዓት የለፋው ልጅ ደግሞ መጨረሻው ላይ ታሊ ስትሞትበት ጆይስቲኩን አስቀምጦ «ባግ (የፕሮግራም ስህተት) አለው» ይላል። ባግ የለውም። የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ከታች ቁጥር በቁጥር እናየዋለን።

ለማያውቁት፦ ጌሙን የሠራው የካናዳው ባዮዌር ነው። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር እና ለኤክስቦክስ 360፣ ከዓመት በኋላ ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጫወተው ሦስቱን ክፍሎች አንድ ላይ ይዞ በ2021 የወጣውን ሌጀንደሪ ኤዲሽን ነው። ኮማንደር ሼፐርድ ገና ጌሙ ሲጀምር ይሞታል፤ ሰርበረስ የሚባል ድርጅት ሁለት ዓመት ፈጅቶ ያስነሳዋል። ከዚያ ታሊን፣ ጋረስን፣ ሚራንዳን የመሳሰሉ አሥራ ሁለት ጓዶችን መልምሎ፣ ገብቶ የተመለሰ የሌለበትን ኦሜጋ 4 ሪሌይ የሚባል የኅዋ መተላለፊያ ተሻግሮ፣ የሰው ልጆችን ከነሰፈራቸው የሚያፍሱትን ኮሌክተሮች መምታት አለበት።

ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ እንጨርስ።

«ያለ ኢንተርኔት አይሠራም።» ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለማውረድ እና ለማስጫን ነው። ጌሙ የአንድ ሰው ነው፤ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይጫወቱታል። የሚያስቸግረው ማውረዱ ነው፦ የኮምፒውተሩ ሌጀንደሪ ኤዲሽን 120 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ያን ያህል ፋይል ሳይቆራረጥ 10 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር ከ26 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሞባይል ዳታ አትሞክሩት።

«ሬኔጌድ ማለት ክፉ መሆን ነው።» አይደለም። ሼፐርድ በሁለቱም መንገድ ዓለምን የሚያድን ሰው ነው፤ አንዱ (ፓራጎን) ያግባባል፣ ሌላው (ሬኔጌድ) ይጋፋል። የሚጎዳው መሀል ላይ መዋለል ነው። ሚራንዳ እና ጃክ፣ በኋላም ታሊ እና ሊጅን ሲጣሉ ሁለቱንም ሳያስቀይሙ ለማስታረቅ ከፍ ያለ የፓራጎን ወይም የሬኔጌድ ነጥብ ያስፈልጋል። አንድ መንገድ ይዛችሁ ሂዱ።

«ሼፐርድ ዋናው ስለሆነ አይሞትም።» ይሞታል። ከመጨረሻው ሚሽን የተረፉት ጓዶች ከሁለት ካነሱ ሼፐርድም አብሮ ያልፋል፤ ያ ሴቭ ደግሞ ወደ 3ኛው ክፍል አይሻገርም።

«1ኛውን ያልተጫወተ 2ኛውን አይረዳውም።» ታሪኩን ይረዳዋል፤ የሚያጣው ትዝታውን ነው። 1ኛው ክፍል ያልነበራቸው የፕሌይስቴሽን 3 ተጫዋቾች እንዳይቸገሩ ጀነሲስ የሚባል ኮሚክ ተሠርቶ ነበር፤ ዋና ዋናዎቹን ስድስት ውሳኔዎች እዚያው እያያችሁ ትመርጣላችሁ። ኮሚኩን ዘልላችሁ ካለፋችሁ ግን ጌሙ ራሱ ይወስንላችኋል፣ የሚወስነውም ክፉ ክፉውን ነው፦ የ1ኛው ክፍል ጓድ ሬክስ ሞቷል፣ ጋላክሲውን የሚያስተዳድረው ካውንስልም ሞቷል።

«ፕላኔቶቹን በሙሉ ስካን ማድረግ ግዴታ ነው።» ይህ ሰዎችን ከጌሙ የሚያባርር ምክር ነው። ማዕድን ፍለጋው የጌሙ አሰልቺ ክፍል ነው፤ ጠቋሚውን ፕላኔቱ ላይ እየጎተቱ ጆይስቲኩ እስኪንቀጠቀጥ መጠበቅ፣ ከዚያ ማዕድኑን የሚያወጣውን ፕሮብ መልቀቅ። ለመትረፍ የግድ የሚያስፈልጉት የመርከብ ማሻሻያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ጄኮብ የሚጠቁመው አርመር (15,000 ፓላዲየም)፣ ታሊ የምትጠቁመው ሺልድ (15,000 ፓላዲየም)፣ ጋረስ የሚጠቁመው ታኒክስ መድፍ (15,000 ፕላቲነም)። ሰዎቹን መርከብ ላይ ሄዳችሁ ካላናገራችኋቸው ማሻሻያው ሞርዲን ቤተ ሙከራ ውስጥ አይመጣም፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይቺን ነው። አንዱ በጎደለ ቁጥር ገና ኮሌክተሮቹ ቤዝ ሳትደርሱ አንድ ሰው ይሞታል፤ አርመሩ ከሌለ የምትሞተው ጃክ ናት። የነዳጅ ጋኑ፣ የፕሮብ መያዣው፣ የተሻሻለው ስካነር ለምቾት ናቸው፣ ከሞት አያድኑም።

አሁን ወደ ዋናው።

«ሁሉም ታማኝ ከሆኑ ማንም አይሞትም»

ታማኝነት ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ማንን የት ታስቀምጣላችሁ የሚለው ነው፤ የጌሙ ትልቁ ጥንካሬም ያለው እዚህ ላይ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሠላሳ ሰዓት ጨዋታ ስለ እያንዳንዱ ሰው ያወቃችሁትን ይፈትናችኋል። ሰዎቹን ሳያናግር ሚሽናቸውን ብቻ የጨረሰ ተጫዋች የሚወድቀው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ሰው በአየር ማስተላለፊያው ቱቦ ገብቶ በር እንዲከፍት ይላካል። የሚችሉት ታሊ፣ ሊጅን ወይም ካሱሚ ናቸው። ጄኮብ «እኔ ልግባ» ይላል፤ አትስሙት። በዚሁ ሰዓት ሁለተኛውን ቡድን የሚመራ ይመረጣል፦ ጋረስ፣ ጄኮብ ወይም ሚራንዳ። እዚህ ላይ ተንኮል አለ። የቡድን መሪውን ካሳሳታችሁ የሚሞተው መሪው አይደለም፣ ቱቦ ውስጥ የገባው ነው። «ታሊን በትክክል ልኬ ለምን ሞተችብኝ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ታሊን በትክክል ልካችኋል፣ መሪ አድርጋችሁ የሾማችሁት ግን ግራንትን ነው።

ቀጥሎ ቡድኑን ከነፍሳቱ መንጋ የሚከልል ባዮቲክ (በሐሳብ ኃይል ነገር የሚያንቀሳቅስ ሰው) ያስፈልጋል። ጃክ ወይም ሰማራ (በሰማራ ፋንታ ሞሪንዝን የወሰዳችሁ ደግሞ ሞሪንዝ)። ሚራንዳ በቲዎሪ ማንኛውም ባዮቲክ ይችለዋል ትላለች፤ በቲዎሪ ነው። እሷን፣ ጄኮብን ወይም ቴይንን ብትልኩ ግርዶሹ ሳስቶ አብሯችሁ ከሚሄዱት አንዱን መንጋው ይወስደዋል። ሁለተኛውን የቡድን መሪ አሁንም ከጋረስ፣ ከጄኮብ እና ከሚራንዳ ምረጡ።

የታፈኑት የመርከቧ ሠራተኞች ሲገኙ አንድ ታማኝ ሰው አጅቦ ይመልሳቸዋል። አጃቢ ካልላካችሁ ሠራተኞቹ በሙሉ ያልቃሉ። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሞርዲን ነው፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል።

የመጨረሻው ፈተና በሩን ይዞ መከላከል ነው። ሼፐርድ ሁለት ሰው ይዞ ወደ ቦሱ (ወደ መጨረሻው ትልቅ ጠላት) ይገባል፣ የቀሩት ኋላ ይዋጋሉ። እዚህ ጌሙ ማንም ሳያየው አማካይ ያሰላል። የጌሙን ፋይል የፈተሹ ሰዎች ያወጡት ነጥብ ለታማኝ ሰው ይህ ነው፦ ጋረስ፣ ግራንት እና ዛኢድ 4፤ ሚራንዳ፣ ጄኮብ፣ ሰማራ፣ ሊጅን እና ቴይን 2፤ ጃክ፣ ሞርዲን፣ ታሊ እና ካሱሚ 1። ታማኝ ያልሆነ ሰው ከነጥቡ አንድ ይቀነስበታል። ኋላ የቀሩት አምስት እና ከዚያ በላይ ከሆኑ አማካዩ 2 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከ2 ወርዶ 1.5 ድረስ አንድ ሰው ይሞታል፣ ከዚያም ከወረደ ሁለት እና ከዚያ በላይ። ተራው የሚጀምረው ከደካሞቹ ነው፤ ሞርዲን፣ ታሊ፣ ካሱሚ፣ ጃክ እያለ ይሄዳል።

እንግዲህ የተለመደውን ስህተት አስሉት። አሥራ ሁለቱም ታማኝ ናቸው። ሞርዲን ሠራተኞቹን ይዞ ተመልሷል። ተጫዋቹ «ቦሱ ከባድ ነው» ብሎ ጉልበተኞቹን ጋረስን እና ግራንትን ይዞ ገባ። ኋላ የቀሩት ዘጠኝ ናቸው፦ ዛኢድ 4፣ ሚራንዳ፣ ጄኮብ፣ ሰማራ፣ ሊጅን እና ቴይን በድምሩ 10፣ ታሊ፣ ካሱሚ እና ጃክ 3። ሲደመር 17፣ ለዘጠኝ ሲካፈል 1.89። ታሊ ሞተች።

በዚያው ሴቭ ላይ ጋረስን እና ግራንትን ኋላ ትታችሁ ታሊን እና ጃክን ይዛችሁ ግቡ። ዛኢድ፣ ጋረስ እና ግራንት 12፣ አምስቱ ባለ ሁለቶች 10፣ ካሱሚ 1። ሲደመር 23፣ ለዘጠኝ ሲካፈል 2.56። ሁሉም በሕይወት ይመለሳሉ። ሞርዲን አጃቢ ሆኖ ቢሄድ ይሻላል የሚባለውም በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ነጥቡ 1፣ ከሟቾች ተራም የመጀመሪያው። ሐኪም በር ላይ ምን ይሠራል? ይዛችሁት የምትገቡት ሰው ግን የግድ ታማኝ ይሁን፤ ካልሆነ ቦሱ ከወደቀ በኋላ ፍርስራሹ ውስጥ ይቀራል።

ሌላው በታማኝነት የማይሸፈነው ጊዜ ነው። ኦሜጋ 4ን ለመሻገር የሚያስፈልገውን ሪፐር አይኤፍኤፍ የሚባል ዕቃ ካመጣችሁ ትንሽ ቆይቶ ሠራተኞቹ ይታፈናሉ። ወዲያው ከሄዳችሁ ሁሉም ይተርፋሉ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሽን ከሠራችሁ ግማሹ ያልቃል፤ አራት እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሐኪሟ ከቻክዋስ በስተቀር የሚተርፍ የለም። ስለዚህ የሌሎቹን የታማኝነት ሚሽኖች በሙሉ ጨርሱ፣ ከዚያ አይኤፍኤፉን አምጡ፣ ተዘግቶ የሚመጣውን ሮቦት ሊጅንን ወዲያው አንቁት፣ የእሱን ሚሽን ሥሩ፣ አፈናው ሲደርስ ሳትውሉ ሳታድሩ ኦሜጋ 4ን ተሻገሩ።

ሚሽኑን መጨረስም ብቻውን ታማኝ አያደርግም። በታሊ የፍርድ ሂደት ላይ በአባቷ ላይ የተገኘውን ማስረጃ ለዳኞቹ ከሰጣችሁ ነጻ ወጥታም ቢሆን ታማኝነቷ ይጠፋል።

«ሮል ፕሌይንግ አይደለም፣ ተራ ተኩስ ነው»

ይህን የሚሉት የ1ኛው ክፍል ወዳጆች ናቸው፣ ግማሽ እውነት አላቸው። የዕቃ ከረጢቱ ጠፍቷል። ለአንድ ሰው የሚታደሉት ችሎታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1ኛው መሣሪያው ይግላል እንጂ ጥይት አያልቅም ነበር፤ እዚህ ክሊፕ መልቀም መጣ። በምትኩ የተገኘው ተኩስ ግን በእርግጥ የሚያጫውት ነው፣ የ1ኛው አልነበረም። ሚናው ደግሞ ያለው ከረጢት ውስጥ አይደለም፤ ከላይ ያየነው የሰው ምደባ ሮል ፕሌይንግ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ከሼፐርድ የተዋጊ ዓይነቶች ለጀማሪ ሶልጀር ወይም ኢንፊልትሬተር ይሻላል። አዴፕትን (የባዮቲክ ተዋጊውን) ኢንሳኒቲ በሚባለው ከባዱ ደረጃ ላይ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ይወቀው፦ ጠላት ሺልድ፣ ባሪየር ወይም አርመር እስካለው ድረስ ፑል የሚባለው የማንሻ ችሎታ አያነሳውም። ሺልድን በኦቨርሎድ፣ አርመርን በኢንሲነሬት፣ ባሪየርን በዋርፕ ገፍፋችሁ ነው የምታነሱት። የሼፐርድ ችሎታዎች በሙሉ አንድ የጋራ መጠበቂያ ስላላቸው አንዱን ስትጠቀሙ ሌላውም ይዘጋል። ኦቨርሎዱን ለሚራንዳ ወይም ለጋረስ ተዉላቸው።

«እንከን የለውም»

በ2011 የብሪታንያውን የባፍታ ምርጥ ጌም ሽልማት ወስዷል፣ ይገባዋልም። ዋናው ታሪክ ግን ሲሲ ነው። ከመግቢያው በኋላ በቀጥታ ኮሌክተሮችን የሚመለከቱት ሚሽኖች አምስት ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሰው ምልመላ እና የሰዎቹ የቤት ጣጣ ነው። ጣጣቸው ደስ ስለሚል አይታወቃችሁም እንጂ የተከታታዩ ዋና ጠላቶች ሪፐሮቹ (ግዙፎቹ ማሽኖች) በ2ኛው ክፍል ውስጥ አንድ ስንዝር አልተራመዱም። የመጨረሻው ቦስ፣ ግዙፉ የሰው አጽም፣ ያን ሁሉ ፍርሃት የሚመጥን አይደለም። ኮሪደር ገብታችሁ ወገብ የሚደርስ ግንብ በሁለት ረድፍ ተደርድሮ ካያችሁም ተኩስ እንዳለ አወቃችሁ፤ ድንገተኛ ነገር የለም።

«ሴቬን ጌም ቤቱ አጠፋብኝ»

አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋው ሪዚዩም የሚለው ቁልፍ ነው። ጌም ቤት በሰዓት እየተከፈለ፣ በአንድ ፕሌይስቴሽን እና በአንድ አካውንት ስድስት ሰው ይጫወታል። ሪዚዩም መጨረሻ ላይ ሴቭ የተደረገውን ይከፍታል፣ የማንም ይሁን። ከእናንተ በኋላ ሌላ ልጅ ተጫውቶ ከሆነ የእሱን ሼፐርድ ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ፣ አውቶሴቩም እሱ ላይ ይጻፋል። ጌሙ እያንዳንዱን ሼፐርድ ለየብቻው ካሪየር ብሎ ስለሚያስቀምጥ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሪዚዩምን ተዉት፣ በሎድ ጌም ገብታችሁ ካሪየራችሁን ምረጡ። ስትጀምሩም ጆን የሚለውን የተዘጋጀ ስም አጥፍታችሁ የራሳችሁን ጻፉ፤ ስድስት ጆን ሼፐርድ ተደርድሮ የማን የማን እንደሆነ ማንም አይለየውም።

ሌላው መብራት ነው። ጌሙ ተኩስ መሀል ሴቭ አያስደርግም፤ መብራት ከሄደ የምትመለሱት ወደ መጨረሻው አውቶሴቭ ነው። ተኩሱ ባለቀ ቁጥር አዲስ ሴቭ ክፈቱ፣ አሮጌው ላይ ደርባችሁ አትጻፉ። ኦሜጋ 4ን ከመሻገራችሁ በፊት ያለው ሴቭ ደግሞ አይነካ፤ ሒሳቡ ቢሳሳት የምትመለሱት እዚያ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት ገብታችሁ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። ሴቩ የሚሠራው ግን በዚያው በጌም ቤቱ አካውንት ላይ ብቻ ነውና ፍላሹን ይዛችሁ ወደ ሌላ ቤት ብትሄዱ አይከፈትላችሁም።