ሾርትከት ምንድን ነው? ታፔላው ሲወድቅ ክሊኒኩ አይጠፋም

የአክስቴ ልጅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ወንድሜ፣ ድራይቬ ጠፋ! የመመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው።»

ላፕቶፕዋን ቫይረስ እንዲያጸዱላት ሰጥታ ነበር። ስትረከበው ፈጥኗል፣ ዴስክቶፑም ጸድቷል። አብሮ ከጸዳው ውስጥ ግን ያ ሦስት ማዕዘን የጉግል ድራይቭ ምልክት አለበት።

«እስቲ ተረጋጊ፤ መጀመሪያ ስልክሽ ላይ ድራይቭን ክፈቺው» አልኳት። ከፈተችው። ምዕራፍ አንድ አለ። ምዕራፍ ሁለት አለ። አማካሪዋ ያረመላት ቅጂም አለ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና «ታዲያ ኮምፒውተሬ ላይ የነበረው ምንድን ነው?» አለችኝ።

ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ነው ዓመታት ኮምፒውተር የሚጠቀመው። ባለማወቁ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨነቅ ያድራል፤ ወይም ያልጠፋ ነገር ለማስመለስ ገንዘብ ይከፍላል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

አዲስ አበባ ውስጥ አስፋልት ዳር «የጥርስ ክሊኒክ፣ 50 ሜትር ገባ ብሎ» የሚል ታፔላ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ከጽሑፉ ሥር ቀስት አለ። ክሊኒኩ እዚያ የለም፤ ውስጥ ለውስጥ ሄዳችሁ ነው የምታገኙት። ሾርትከት ማለት ይኸው ታፔላ ነው። ፋይሉ፣ ፎልደሩ ወይም አፑ የት እንዳለ የሚናገር በጣም ትንሽ ፋይል። ስትነኩት እናንተን ወደ እውነተኛው ቦታ ይወስዳችኋል እንጂ በራሱ ውስጥ ምንም አልያዘም።

«አቋራጭ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። ቃሉ አይከፋም፤ ግን መፍጠኑን ብቻ ነው የሚነግረን። ዋናው ዕቃ ሌላ ቦታ መሆኑን አይነግረንም። ለእኔ «ጠቋሚ» ይሻላል፤ «ታፔላ» ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ዊንዶውስ ላይ ነገሩ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ዊንዶውስ 95 ጀምሮ ነው። ያኔም ዛሬም ምልክቱ አንድ ነው፦ በአይከኑ በግራ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ቀስት። ልክ እንደ ታፔላው። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ መጠኑን ብታዩ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው። የሚጠቁመው ፎልደር በፎቶና በቪዲዮ የተሞላ ቢሆንም ሾርትከቱ ያችው ናት። የክሊኒኩ ትልቅነት ታፔላውን አያከብደውም።

የክላውዱ፣ ማለትም ፋይል በኢንተርኔት ሌላ ቦታ የማስቀመጡ ነገር ግን አንድ እርከን ይጨምራል፤ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ተራ ሾርትከት እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ነገርን ይጠቁማል። የጉግል ድራይቭ ፋይሎቻችሁ ግን ያሉት ጉግል ጋ ነው፤ በኢንተርኔት ማዶ። ኮምፒውተራችሁ ላይ የተጫነው አፕ እነሱን ልክ እንደ ፍላሽ ዲስክ አስመስሎ ያሳያችኋል። ዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ጂ» የሚል ፊደል ያለው ድራይቭ ሆኖ ይመጣል። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ምልክት ደግሞ ወደዚያ የሚወስድ ታፔላ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ታፔላው፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ ክሊኒኩ። «ጠፋ» ስንል ከሦስቱ የትኛው እንደጠፋ ማወቅ አለብን።

ከክሊኒኩ እንጀምር፤ ልብ የሚያሳርፈው እሱ ነውና። ብሮውዘር ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ ድራይቭን ክፈቱ። ፋይሎቹ ካሉ ምንም አልጠፋም። ባዶ ሆኖ ካያችሁት ደግሞ ቶሎ አትደንግጡ፤ የገባችሁበትን አካውንት እዩ። ብዙዎቻችን ሁለት ሦስት ጂሜል አለን። አንዱ የሥራ፣ አንዱ የድሮ፣ አንዱ ስልክ ስንገዛ የተከፈተልን። በሌላው አካውንት ገብቶ «ፋይሌ ተሰረቀ» ያለ ሰው አጋጥሞኛል።

ፋይሎቹ ካሉ ወደ ታፔላው እንመለስ። ዴስክቶፑ ላይ አንድም አይከን ከሌለ የተሰረዘ ነገር ላይኖር ይችላል። ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ቪው» ውስጥ ግቡ፣ «ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ» የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን እዩ። ልጆች ኮምፒውተር ሲነካኩ ይህቺ ብዙ ጊዜ ትጠፋለች። የጠፋው የድራይቩ ምልክት ብቻ ከሆነ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ፈልጉት። እዚያ ካለ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ «ሪስቶር»። አለቀ።

እዚያም ከሌለ አዲስ ታፔላ መትከል ነው። ስታርት ሜኑ ላይ የአፖቹን ዝርዝር ክፈቱና ጉግል ድራይቭን ፈልጉ። ካለ በማውሱ ይዛችሁ ወደ ዴስክቶፑ ጎትቱት። ወይም «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ግቡና ድራይቩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ክሪኤት ሾርትከት» በሉት። ዊንዶውስ 11 ከሆነ መጀመሪያ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» የሚለውን መንካት ሊያስፈልግ ይችላል። ዊንዶውስ «እዚህ መሥራት አልችልም፣ ዴስክቶፕ ላይ ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ እሺ በሉት። እኔ ግን ከዚህም የተሻለ የምለው አለ። ሙሉውን ድራይቭ ከምትጠቁሙ፣ በየቀኑ የምትሠሩበትን ፎልደር ብቻ መርጣችሁ «ሴንድ ቱ» በሚለው በኩል ወደ ዴስክቶፕ ላኩት።

አንዳንዴ ደግሞ ታፔላው ቆሟል፣ መንገዱ ነው የተዘጋው። ሾርትከቱን ስትነኩት አይከፍትም፤ «ጂ» የሚለውም ድራይቭ የለም። ይህ የሚሆነው አፑ ሳይነሳ ሲቀር ወይም ከአካውንታችሁ ሲያስወጣችሁ ነው። ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ነክታችሁ የድራይቭን ምልክት ፈልጉ። ከሌለ አፑን ከስታርት ሜኑ አስነሱት፤ ሳይን ኢን ካለ ግቡ። ድራይቩ ተመልሶ ይመጣል። በሌላ ፊደል ከመጣ ግን ውስጥ ላሉት ፎልደሮች የሠራችኋቸው አሮጌ ሾርትከቶች መንገዱ ሊጠፋባቸው ይችላል፤ አጥፍታችሁ እንደገና ሥሯቸው።

አፑ ራሱ ከኮምፒውተሩ ከተነቀለ ብቻ ነው እንደገና ማውረድ ያለባችሁ። ከጉግል ከራሱ ገጽ አውርዱ፤ ከሰው ፍላሽ አትቅዱ። ይህን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ገና ምልክቱን ሲያጣ ወደ ማውረድ ይሮጣል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ይህ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። አፑ ፋይሎቹን «ስትሪም» ላድርግ (ስትከፍቷቸው ብቻ ላምጣ) ወይስ «ሚረር» የሚል ምርጫ አለው። ሚረር ካላችሁት ያላችሁን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ ድራይቫችሁ ከሞላ ያን ሁሉ በፓኬጅ ስታወርዱ አስቡት።

ዋንድራይቭን፣ ማለትም የማይክሮሶፍቱን ክላውድ ለምትጠቀሙም ሐሳቡ ያው ነው። ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከፋይል ኤክስፕሎረር ግራ ጎን ሲጠፋ ስታርት ላይ ፈልጎ ማስነሳትና መግባት አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል። አንድ የተለየ ነገር ግን አለው። የዴስክቶፕ «ባክአፕ» ሲበራ ዴስክቶፓችሁ ራሱ ወደ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ይዛወራል። ያን ባክአፕ ስታጠፉት ዴስክቶፑ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፋይሎቹ ዋንድራይቭ ውስጥ «ዴስክቶፕ» በሚለው ፎልደር ናቸው። ከዚያ ኮፒ አድርጋችሁ መልሷቸው።

አሁን ደግሞ ከልብ እንድትሰሙኝ የምፈልገው። ቀስት ያለበትን ምልክት ብታጠፉ የወደቀው ታፔላ ነው። «ጂ» ድራይቭ ውስጥ ገብታችሁ ፎልደር ብታጠፉ ግን ያፈረሳችሁት ክሊኒኩን ነው። ከስልካችሁም፣ ከቢሮው ኮምፒውተርም ይጠፋል። ጉግል ትራሽ ውስጥ ለ30 ቀን ያቆይላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ይሰረዛል። ከማጥፋታችሁ በፊት ቀስቷን እዩ።

ቀስቷን የማየት ልማድ ፍላሽ ላይም ይጠቅማል። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ውስጥ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኛችሁበት ጊዜ ይኖራል። «ሾርትከት ቫይረስ» የምንለው ይኸው ነው። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በእነሱ ስም የሐሰት ታፔላ ይተክላል። ስትነኩት ወደ ፎልደሩ ከመውሰዱ በፊት ቫይረሱን ያስነሳል። ፋይሎቹ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። በአንቲቫይረስ አጽዱት፤ ቀጥሎ «ሂደን አይተምስ» የሚለውን አብርታችሁ ፈልጓቸው።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ሾርትከቷን ስታርት ሜኑ ላይ አገኘነውና ጎትታ ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስልኩን ልንዘጋ ስንል «ይቺ ቀስት እዚህም አለች እኮ!» አለችኝ። ድራይቭ ውስጥ የምታየው አማካሪዋ ያረመላት ቅጂ ላይ ነው። ለካ ፋይሉ የእሷ አይደለም። ያለው አማካሪዋ አካውንት ውስጥ ነው፤ እሷ ያላት ወደዚያ የሚጠቁም ሾርትከት ብቻ ነው። እሱ አንድ ቀን ፋይሉን ቢያጠፋው እሷ ጋ የሚቀረው ታፔላው ነው፤ ክሊኒኩ የለም። «ክፈቺውና ሜክ አ ኮፒ በይው» አልኳት። የማውሷ ድምፅ በስልኩ ተሰማኝ። «አሁን ቀስት የለውም» አለች።