እውነት ወይስ ሐሰት፦ የግምት ጨዋታው በጅማ

አንዱ ጆሮ የሚያቆም ነገር ይናገራል። «ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው።» የተቀሩት እውነት ወይም ሐሰት ብለው ይገምታሉ፣ ከዚያ መልሱ ይነገራል። ጨዋታው ይኸው ነው። (እውነት ነው። ደሙም ሰማያዊ ነው።)

ጅማ ውስጥ ይህ ጨዋታ ዕድሜ አይለይም። ትምህርት ቤት በሚኒ ሚዲያ፣ ዩኒቨርሲቲ በዶርም፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር በካፌ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ። ካፌ ከሆነ ተሸናፊ የቡናውን ይከፍላል። የቅርብ ዘመዱ እንቆቅልሽ ነው፣ በኦሮምኛ ሂቦ የሚባለው። እንቆቅልሽ ያቃተው ሰው ግን አገር ሰጥቶ ይገላገላል፣ እዚህ ደግሞ ምንም የማያውቀውም ግማሽ ዕድል አለው። ስለዚህ ከ10 ጥያቄ 5 መመለስ ጉብዝና አይደለም። 8 እና ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ የሚገኘው ከ100 ጊዜ 5 ወይም 6 ጊዜ ቢሆን ነው፣ እንዲህ ያመጣ ሰው ቡናው ይገባዋል።

የለመዱት ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት አነጋገሩን ነው። «ሁልጊዜ»፣ «ብቻ»፣ «በፍጹም» ካለበት ወደ ሐሰት ያደላሉ፤ ፈተና ያስተማረን ብልሃት ነው። ሌላው ደግሞ የማይመስል ነገር ብዙ ጊዜ እውነት መሆኑ ነው፣ ምክንያቱም ሐሰት የሚፈጥር ሰው የሚመስል ነገር መርጦ ነው የሚፈጥረው። ቬኑስ በራሷ ዛቢያ አንዴ ዞራ ሳትጨርስ ፀሐይን ዞራ ትጨርሳለች ቢባል ማን ያምናል? ግን እውነት ነው፦ ለመጀመሪያው 243 የምድር ቀን፣ ለሁለተኛው 225 ቀን ያስፈልጋታል። በተቃራኒው ሰጎን ስትፈራ ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች፣ የቻይና ግንብ ከጨረቃ ላይ በዓይን ይታያል፣ ሰው የሚጠቀመው የአንጎሉን 10 በመቶ ብቻ ነው የሚባሉት ሁሉ ሐሰት ናቸው። ስንት ሰው ይበላባቸዋል! ደጋግመን ስለሰማናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሃሸር፣ ጎልድስታይንና ቶፒኖ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ አሳይተዋል፦ ሰዎች ደጋግመው የሰሙትን ዓረፍተ ነገር፣ ሐሰት ቢሆንም እንኳ፣ ይበልጥ እውነት ነው ብለው ገመቱ።

የጅማ ሰው ኦክቶፐስ ላይ ብዙም አይሸነፍም፣ ስለማያውቀው ተጠንቅቆ ይመልሳል። የሚሸነፈው ቡና ላይ ነው። «ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ካፌይኑ ይበዛል» በለው፣ ሳያቅማማ እውነት ይልሃል። ሐሰት ነው፤ የሚጨምረው ምሬቱ እንጂ ካፌይኑ አይደለም። «የአረቢካ አንዱ ወላጅ ሮቡስታ ነው» ስትለው ደግሞ ስድብ ይመስለዋል (አረቢካ የእኛው ቡና ነው፣ ሮቡስታ ደግሞ በጣዕሙ ዝቅ ተደርጎ የሚታየው ዓይነት)፣ እሱ ግን እውነት ነው፣ አረቢካ የሁለት ዓይነት ቡና ዲቃላ ነው። «ካፌይን የለውም ማለት የሚቻል የአረቢካ ተክል አለ» የሚለውም እውነት። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ሲሆን ዘሩ የሄደው ከዚሁ ከኢትዮጵያ ነው። ይህን የሰማ ሽማግሌ «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ቢል አይፈረድበትም።

ጠብ የሚያስነሳው የካልዲ ነገር ነው። «ቡናን ያገኘው ካልዲ የተባለ እረኛ ነው» ሲባል፣ በተለይ የካልዲ አገር ነው በሚባለው በጎማ ወረዳ ጮጬ አካባቢ የተወለደ ሰው ካለ፣ ሐሰት ማለት ያስቸግራል። ግን የእረኛው ታሪክ በጽሑፍ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1671 ወዲህ ነው፣ ሮም ላይ ከታተመ መጽሐፍ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጠያቂው መጨረሻው ላይ «ይባላል» ይጨምርና እውነት ይሆናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጭራሽ አለማቅረብ ይሻላል፣ ጨዋታው የሚያምረው መልሱ ቁርጥ ያለ ሲሆን ነው።

ሌላው የእኛ አገር ጣጣ ዓመተ ምሕረት ነው። «ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1999 ነው» ቢባል በፈረንጅ እውነት፣ በእኛ ሐሰት ነው፤ በእኛ 1992 ነበር። ስለዚህ ቁጥር ያለበት ጥያቄ ሲመጣ፣ ከመገመት በፊት «በማን አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ ይፈቀዳል፣ ጠያቂውም ሳይሸሽ የመመለስ ግዴታ አለበት።