«ዕድሌ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ዕድል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ መናኸሪያ በር ላይ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ሎተሪ አዟሪው «ዕድልዎን ይሞክሩ!» ይላል። መኪና ያመለጣት እናት «ምን ላድርግ፣ ዕድሌ ነው» ትላለች። ባጃጅ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ስለ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያወራሉ። ሬዲዮው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የመጣል ዕድል እንዳለ ይናገራል። ቃሉ አንድ ነው፣ የተባለው ግን አራት የተለያየ ነገር ነው። ቃሉን እወደዋለሁ። በእሱ ሰበብ ሰው ተስፋ ሲቆርጥም፣ ገንዘቡን ሲጨርስም አይቻለሁ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ።

«ዕድል ማለት እንዲያው በድንገት የሚመጣ ነገር ነው»

በድንገት የሚመጣው አጋጣሚ ነው። ዕድል ግን «አደለ» ከሚለው ግስ ጋር ዘመድ ነው። ማደል ማለት ለየሰው ድርሻውን መስጠት ነው። እርዳታ እህል ይታደላል፣ ደብተር ለተማሪ ይታደላል። «ታድለሽ!» ስንልም «መልካም ድርሻ ደርሶሻል» ማለታችን ነው። በሉቃስ ወንጌል ማርታ በሥራ ስትባክን እህቷ ማርያም ቁጭ ብላ ትማር ነበር፤ ያኔ ማርያም «መልካም ዕድልን መርጣለች» ተባለላት። መርጣለች ነው የሚለው! ድንገተኛ ነገር አይመረጥም፣ ድርሻ ግን ይመረጣል።

እኛ ጅማ ያለን ሰዎች ደግሞ ይህን ነገር በሌላ ቋንቋም እንሰማዋለን። በአፋን ኦሮሞ ዕድል «ሂሬ» ይባላል፤ ማካፈል ደግሞ «ሂሩ» ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ነሲቤ ነው» ሲሉ የሚጠቀሙበት ቃል ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን እዚያም ትርጉሙ ድርሻ ነው። የሚገርመው ይኸው ነሲብ አማርኛ ውስጥ ሲገባ መንገድ ቀየረ። ዛሬ «በነሲብ መለሰ» ካልን ሳያውቅ፣ በግምት መለሰ ማለታችን ነው። አንድ ቡና ላይ የተቀመጡ ጎረቤቶች ሦስት ቃል ይዘው ስለ ድርሻ ያወራሉ፤ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ወሬያቸውን የምሰማው በሌላ ጆሮ ነው።

«ዕድል ሁልጊዜ ጥሩ ነገር ነው»

ዕድለ ቢስና ዕድለ ሰባራ የሚሉ ቃላት ያሉት ዕድል ሲጎድልም ሲሰበርም ስለምናይ ነው። ቃሉ ብቻውን ሲቆም ግን ጆሯችን ወደ መልካሙ ያዘነብላል። ለዚህ ነው በዜና «የመሞት ዕድሉ ከፍተኛ ነው» ሲባል የሚቀፈን። ስሌቱን ለመግለጽ ከሆነ ሐሳቡ ልክ ነው። ሆኖም የታመመ ሰው ቤት ቁጭ ብላችሁ ዓረፍተ ነገሩን ስሙት። «ለሞት የመዳረግ ስጋቱ ከፍተኛ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ለመዳን ዕድል፣ ለመሞት ስጋት፤ እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው።

«ስልኬ 70 በመቶ ይዘንባል ብሎ ዋሸኝ»

አልዋሸም። እንዲህ ዓይነት 10 ቀን ቢመጣ በ7ቱ ገደማ ይዘንባል፣ በ3ቱ አይዘንብም ማለቱ ነው። የዛሬው ከ3ቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ጃንጥላውን ግን ያዙ፣ ጅማ ነው ያላችሁት።

«ዕጣ አልወጣልኝም፣ ዕድለ ቢስ ነኝ»

ይሄን እቁብ ላይ በጣም እሰማለሁ። ሎተሪ ላይ ብዙ ሰው ከፍሎ የሚያገኘው ጥቂት ነው። እቁብ ላይ ግን ሁሉም ያገኛል፤ ዕጣው የሚወስነው ተራውን ብቻ ነው። 20 ሰው በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥል በየሳምንቱ 20,000 ብር ይወጣል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ከሚወስደው ውስጥ የራሱ 1,000 ብቻ ነው፤ 19,000ውን ጓደኞቹ ያለ ወለድ አበደሩት። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ሲያጠራቅም ቆይቶ የራሱን ገንዘብ ነው የወሰደው። ዕቃ በሚወደድበት ጊዜ መጨረሻ መሆን እንደሚጎዳ አልክድም፣ ለዚህም ነው ሰው ተራ የሚለዋወጠው። ቢሆንም ድርሻው አልተነካም። ዕጣ መንገዱ ነው፣ ዕድል የደረሰው ነገር ነው።

«ብዙ ጊዜ ስለተበላሁ አሁን ተራዬ ነው»

ሰው ቤት የሚያፈርሰው ይሄኛው ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ውሰዱ። በአንድ ፊት አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን አለ። አራት ጊዜ ወርውራችሁ በተከታታይ አንበሳ ቢወጣ አምስተኛው ላይ «አሁንስ ሚዛን ነው» ትላላችሁ፣ አይደል? ሳንቲሙ ግን ያለፈውን አያስታውስም። አምስተኛውም ያው ግማሽ በግማሽ ነው። የሎተሪ ቁጥርም እንዲሁ። ቁጥሩ ባለ ስድስት አሃዝ ቢሆን ከ000000 እስከ 999999 ድረስ 1,000,000 ቁጥር አለ፤ 111111ም ሆነ «የሚያምር» የመሰላችሁ ቁጥር እኩል ከሚሊዮን አንድ ነው። እቁብ ተራ አለው፣ ሎተሪና ውርርድ ተራ የላቸውም። ትናንት የተበላ ገንዘብ ለዛሬው ቲኬት ምንም አይጨምርለትም።

«የአርባ ቀን ዕድሌ ነው»

ብዙዎች ይህን አባባል ከክርስትና ጋር ያያይዙታል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ነው የሚጠመቀው። ሴት ልጅ ግን በ80 ቀኗ ነው፤ ሆኖም ሴቶችም «የአርባ ቀን ዕድሌ» ይላሉ። አባባሉ ኀዘን ማውጫ ነው፣ የቀን ስሌት አይደለም። ያዘነ ሰው ይበለው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት ለማጽናናት ስንጠቀምበት ግን ያማል፤ ዱላን ማንም አላደላትም።

አጻጻፉን የሚጠይቁም አሉ። ዕድልም እድልም እየተባለ ይጻፋል፤ እኔ በዐይኑ «ዕ» እጽፋለሁ።

«ቡና ዕድል ነው»

በእኛ አካባቢ ትልቁ ይሄ ነው። የቡና ዛፍ ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት ባደገው የቅርንጫፍ ክፍል ላይ ነው። አንድ ዓመት ፍሬው ከበዛ ዛፉ ምግቡን ለፍሬው ይሰጥና አዲስ ቅርንጫፍ ብዙም አያበቅልም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ ይቀንሳል። ጥላ፣ ማዳበሪያና መግረዝ ይህን መዋዠቅ ያለዝቡታል፤ ላረጀ ዛፍ ደግሞ ጉንደላ አለ፤ ግንዱን ዝቅ አድርጎ ቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ነው። ዝናብና ዋጋ በእጃችን አይደሉም፣ ይህኛው ግን በከፊል በእጃችን ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት «ዕድሌ ጠመመ» ብለው ቡናውን ነቅለው ጫት ሊተክሉ ሲነሱ ልጃቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው፦ «አባባ፣ አምና ይሄው ማሳ ስንት ጆንያ ሰጠን?» መልሱን ሲያስቡት መጥረቢያውን አስቀመጡ።