«ላ ኤን»፦ ከፓሪስ ዳርቻ የመጣው ጥቁርና ነጭ ፊልም

«ላ ኤን» (ጥላቻ) ማትዩ ካሶቪትስ ጽፎ ያዘጋጀው የፈረንሳይ ፊልም ሲሆን ለእይታ የበቃው በ1995 ነው፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። 98 ደቂቃ ይፈጃል። ታሪኩ ከአንድ ቀን ረፋድ ተነሥቶ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ያልቃል፤ በየመሐሉም ሰዓቱ በጥቁር ስክሪን ላይ ብቅ ይላል።

መነሻው የእውነት ሞት ነው። በኤፕሪል 1993 ማኮሜ ምቦዎሌ የተባለ የ17 ዓመት የዛየር (የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ልጅ ፓሪስ ውስጥ፣ በ18ኛው ወረዳ ፖሊስ ጣቢያ በምርመራ ላይ ሳለ በመርማሪው ሽጉጥ ተመቶ ሞተ። ካሶቪትስ ብዕሩን ያነሣው በዚያው ሰሞን ነው። በፊልሙ ውስጥ አብዴል የሚባል የሠፈር ልጅ ፖሊሶች ደብድበውት ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሠፈሩም በረብሻ ሲታመስ አድሯል። በግርግሩ አንድ ፖሊስ የጣለውን ሽጉጥ ከፊልሙ ሦስት ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱ የሆነው ቪንዝ ያገኘዋል። አብዴል ከሞተ አንድ ፖሊስ እገድላለሁ ብሎ ይምላል። ከዚህ በኋላ ሦስቱ ሥራ ፈት ጓደኛሞች ይዞራሉ፣ ይነታረካሉ፣ ይጠብቃሉ። ብዙ ነገር አይሆንም፤ ተመልካቹ ግን ያ ሽጉጥ በማን ወገብ እንዳለ ለአፍታም አይረሳም።

ቪንዝ (ቫንሳን ካሴል) አይሁዳዊ፣ ኡቤር (ኡቤር ኩንዴ) የጥቁር አፍሪካውያን ልጅ፣ ሰዒድ (ሰዒድ ታግማዊ) የሰሜን አፍሪካ ዓረብ ዘር ነው። ሁለቱ ተዋናዮች ስማቸውን እንኳ አልቀየሩም። ሰው ስደተኛ ይላቸዋል፤ የሚቀልዱትም የሚሳደቡትም በፈረንሳይኛ ነው፣ የሚመለሱበት ሌላ አገርም የላቸውም።

ቀረጻው የተካሄደው ከፓሪስ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሻንትሉ ሌ ቪኝ በምትባል ከተማ ላ ኖዌ በሚባለው የኮንዶሚኒየም ሠፈር ነው። ሠፈሩን አርክቴክት ኤሚል አዮ በ1970ዎቹ ሲነድፈው፣ በአቅራቢያው ባለው የፖዋሲ መኪና ፋብሪካ የሚሠሩ ብዙ ቤተሰቦች ገቡበት። ሕንጻዎቹ ላይ የገጣሚዎች ግዙፍ ፊት ተሥሏል። ሥራ ያጡ ልጆች ከነቦድሌርና ራምቦ ሥዕል ሥር ተቀምጠው ቀኑን ሲገፉት ማየት፣ ለእኔ ከፊልሙ ንግግር ሁሉ ይበልጣል።

የልጆቹ ቋንቋም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቬርላን ይባላል፤ ቃልን ገልብጦ መናገር ነው። ስሙም የመጣው «ግልባጭ» ማለት የሆነው «ላንቬር» ራሱ ተገልብጦ ነው። «አራብ» የሚለው ቃል በዚሁ መንገድ «በር» ሆኗል። የእኛ አራዳ ቋንቋ እንግዳ ሰው እንዳይገባው እንደሚያደርገው ሁሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ ትርጉም ጽሑፍ የሚከተል ተመልካች ግማሹ ቀልድ ያመልጠዋል።

ከመሐል በኋላ ሦስቱ በባቡር ፓሪስ ይገባሉ፣ የማታው ባቡርም ያመልጣቸዋል። ከሁሉ የሚገርመው ትዕይንት ሕዝብ ሽንት ቤት ውስጥ ነው። አንድ አጭር ሽማግሌ ከመጸዳጃው ወጥቶ ስለ ጓደኛው ይተርካል፦ በግዞት ወደ ሳይቤሪያ የሚወስዳቸው ባቡር ሲቆም ጓደኛው በሰው ፊት መጸዳዳት አፍሮ ቁጥቋጦ ሥር ሄደ፤ ባቡሩ ሲነሣ ሮጠ፤ ለመጨበጥ እጁን በዘረጋ ቁጥር ሱሪው ይወርድበታል። በብርድ ደርቆ ቀረ። ሽማግሌው ይህን ብሎ ይወጣል፣ ልጆቹም ለምን እንደነገራቸው ሳይገባቸው ይቀራሉ። ማብራሪያ አለመኖሩ ጥሩ ነው።

ካሶቪትስ በካን ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ሲያገኝ ገና 27 ዓመቱ ነበር፤ ፊልሙም በማግስቱ ዓመት ሴዛር የተባለውን የፈረንሳይ ሲኒማ ሽልማት በምርጥ ፊልም ዘርፍ ወሰደ። ጠቅላይ ሚኒስትር አለን ዡፔ ለሚኒስትሮቻቸው ለብቻ አሳዩት። ወቀሳም አልጎደለበትም፤ ዳይሬክተሩ ራሱ የዳይሬክተር ልጅ እንጂ የዚያ ሠፈር ልጅ አይደለም፣ ሴቶቹም በቤት ጥግ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ሁለተኛው ወቀሳ እውነት አለው።

በ2005 በፓሪስ ዳርቻ ባለችው ክሊሺ ሱ ቡዋ ውስጥ ከፖሊስ የሸሹ ሁለት ታዳጊዎች የኤሌክትሪክ ጣቢያ ገብተው ሲሞቱ፣ ረብሻው ሳምንታት ዘልቆ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስወጣ፤ ያኔም የዚህ ፊልም ስም ደጋግሞ ተነሣ። ፊልሙ የሚጀምረው ከፎቅ እየወደቀ በየደርቡ «እስካሁን ሁሉ ደህና ነው» በሚል ሰውዬ ቀልድ ነው። በ2024 ካሶቪትስ ታሪኩን ወደ ሙዚቃዊ ቴአትር ቀይሮ መድረክ ላይ ሲያወጣው ንዑስ ርዕሱን «እስካሁን ምንም አልተለወጠም» አለው።